ጂኤንኤስ3 ፕሮክስሞክስ ላይ፦ ሲስኮው ይነሳል፣ ማይክሮቲኩ እምቢ አለ

የማራኪው፦
ሰላም ጎበዝ። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ኔትወርክ አስተምራለሁ። የልጆቹ ላፕቶፕ አብዛኛው ባለ 4 ጊጋ ራም ነው፤ ብሮውዘር ሲከፈትበት እንኳ ያቃስታል። ስለዚህ ያገለገለ ሰርቨር ገዝቼ ፕሮክስሞክስ 8 (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽን የሚያካፍል ሲስተም) ጫንኩበት። እሱ ላይ የጂኤንኤስ3ን (የኔትወርክ ላብ ማስመሰያ ነው) ቨርቹዋል ማሽን አስገባሁ፤ ልጆቹ በዋይፋይ እየገቡ እንዲሠሩ ነው። ሲስኮ 7200 ሬውተር ያለ ችግር ይነሳል። ማይክሮቲክ ሲኤችአር (በቨርቹዋል ማሽን የሚሠራ ሬውተር) ግን ስታርት ስለው ወዲያው ይቆማል። የጂኤንኤስ3 ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ላይ ኬቪኤም (ቨርቹዋል ማሽንን በፕሮሰሰሩ ድጋፍ የሚያስኬደው) ሰፖርት "ፎልስ" ይላል። ዚዮን ፕሮሰሰር፣ 64 ጊጋ ራም። እንደው ምን ጎደለው?

አዘዞ፦
ምንም አልጎደለውም ወንድሜ። 7200 የሚነሳው በዳይናሚፕስ ነው፤ እሱ የሬውተሩን ፕሮሰሰር በሶፍትዌር ስለሚያስመስል ኬቪኤም አይፈልግም። ማይክሮቲኩ ይፈልጋል። ፕሮክስሞክስ 8 በራሱ የሚመርጠው የሲፒዩ ዓይነት ደግሞ ቪቲኤክስን (የኢንቴል ፕሮሰሰር ለቨርቹዋል ማሽን የሚሰጠውን ድጋፍ) ወደ ውስጠኛው ማሽን አያሳልፍም። ፕሮክስሞክስ ላይ ማሽኑን ከፍተህ ሃርድዌር፣ ፕሮሰሰር ግባና ታይፑን "ሆስት" አድርገው። ከዚያ ከውስጥ ሪቡት እንዳትለው! ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ አስነሳው፤ አለዚያ ለውጡ አይገባም።

ፒያሳ፦
ያም ካልሠራ ባዮስ ገብተህ ቪቲኤክስ መብራቱን እይ። ያገለገለ ሰርቨር ላይ አንዳንዴ ተዘግቶ ይመጣል።

የማራኪው፦
ኑሩልኝ! "ትሩ" አለ፣ ማይክሮቲኩም ተነሳ። ባዮሱን መንካት አላስፈለገም። አሁን ግን አራት አምስት 7200 ሲነሱ የሰርቨሩ ማራገቢያ አዘዞ ኤርፖርት የሚያርፍ አውሮፕላን መሰለ። ሲፒዩው መቶ ፐርሰንት ነው።

አዘዞ፦
አይድል ፒሲ (ሬውተሩ ሥራ ሲፈታ ለዳይናሚፕስ የሚያሳውቅ ቁጥር) አልሰጠኸውማ! ሬውተሩ ሥራ ባይኖረውም ዳይናሚፕስ ፕሮሰሰሩን ይበላዋል። ሬውተሩ እንደበራ ቀኝ ክሊክ አድርግና "አውቶ አይድል ፒሲ" በለው። ለአንድ ኢሜጅ (የሬውተሩ ሶፍትዌር ፋይል) አንዴ ካገኘህ በቂ ነው።

ፒያሳ፦
ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት ሳይታሰብ ስለሚሄድ ልጆቹን ኮንፊጉን በየመሀሉ "ራይት" እያሉ ሴቭ ማድረግ አስለምዳቸው፤ የጂኤንኤስ3 ማሽኑንም ፕሮክስሞክስ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ "ስታርት አት ቡት" ላይ ምልክት አድርግ። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ ላይ የሚጫነው ጂኤንኤስ3 እና የሰርቨሩ ቨርዥን ካልተመሳሰለ አይገናኙም። ልጆቹ ለየብቻ ቢያወርዱ ሁሉም የየራሱን ቨርዥን ይዞ ይመጣል። አንዱን ኢንስታለር በፍላሽ አዙርላቸው። ኢንተርኔትም ይቆጥባል።