የእድሮች ኅብረት ማመልከቻ፦ ራስን ማጥፋትን በቀበሌያችን ለመከላከል (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ረቂቅ ላይ ትልቁን ወጪ የያዘው ለየቤቱ የሚታደል ቁልፍ ያለው የፀረ ተባይ መድኃኒት ሳጥን ነው። አስተያየታችሁን ቶሎ ጻፉ።

የግብርና ባለሙያ፦ ሳጥኑን አውጡት። ስሪላንካ ውስጥ በ180 መንደሮች ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሳጥን በተሰጣቸውና ባልተሰጣቸው መንደሮች መካከል ልዩነት አልታየም። ቁልፉ በር ላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሳጥኑ ምን ያደርጋል? እዚያ አገር ሞቱን የቀነሰው እጅግ መርዛማዎቹን ከገበያ ማስወጣት ነው። ያ በእኛ እጅ አይደለም። በእጃችን ያለው፦ የገበሬዎች ማኅበሩ ለወቅቱ የሚበቃውን ብቻ ይግዛ፣ የተረፈው በየቤቱ አይደር፣ በሃይላንድ ጠርሙስ አይገልበጥ። ቤተሰብም ፀረ ተባይ የጠጣውን ሰው ወተት እየጋተ ወይም እያስመለሰ ጊዜ እንዳያባክን፣ ዕቃውን ከነጽሑፉ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሮጥ አሁኑኑ ይነገረው። ጤና ጣቢያው አትሮፒን (ለአንዳንድ የፀረ ተባይ መርዝ ማርከሻ የሆነውን መድኃኒት) እንዳይጨርስም በማመልከቻው ይጠየቅ።

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ)፦ እስማማለሁ። የሳጥኑ ገንዘብ ወደ ክትትል ይዙር። ረቂቁ ሥልጠና ላይ ያበቃል፤ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ከሕክምና ለወጣ ሰው ግን አደጋው ከፍ የሚለው ቤት ከገባ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች 1,867 ሰዎች ላይ ያጠናው አሠራር ቀላል ነው፦ አንድ ሰዓት ያህል ምክር፣ ከዚያ ዘጠኝ ጊዜ መገናኘት፤ በ1ኛው፣ 2ኛው፣ 4ኛው፣ 7ኛውና 11ኛው ሳምንት፣ ቀጥሎ በ4ኛው፣ 6ኛው፣ 12ኛውና 18ኛው ወር። በ18 ወር ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉት ክትትል ካገኙት 0.2 በመቶ፣ ካላገኙት 2.2 በመቶ ነበሩ። ይህ ደግሞ የእድር ሥራ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ማን ነው የሚሄደው? ሦስት ሽማግሌ ተሰብስቦ ከገባ ልቅሶ ይመስላል።

ሲስተር፦ አንድ ሰው ይሂድ፣ የሚመርጠውም ባለጉዳዩ ይሁን። «ኃጢአት ነው»፣ «ልጆችህን አስብ» የሚል ተግሣጽ ይቅር። «ሕይወትህን ለማጥፋት ታስባለህ ወይ?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ የሚጎዳው «እንዲህ አታስብም አይደል?» የሚለው ነው፣ መልሱን አስቀድሞ ይዘጋዋልና። «አዎ፣ ዛሬ» ካለ ብቻውን አይተውም፤ አጠገቡ ያለው አደገኛ ነገር ሁሉ ይነሣል፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ፤ ይህን ከቄሶቹ ጋር አስቀድመን እንነጋገርበት። ስሙ በእድሩ መዝገብ አይጻፍ፣ ጥሩምባ ነፊውም ጆሮ አይድረስ።

የእድር ዳኛ፦ የራሳችንስ ደንብ? ራሱን ላጠፋ ሰው የቀብር ወጪ አይከፈልም የሚል አንቀጽ ያላቸው እድሮች አሉ። ቤተሰቡ «በድንገት ታሞ» እያለ ይሸፍነዋል፣ የቀሩት ልጆችም ሳይደገፉ ይቀራሉ። አንቀጹ ሳይሰረዝ ማመልከቻ ማስገባት ያሳፍራል። ሰው ፖሊስ ፈርቶም ይደብቃል፤ የ1996 ወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ለዚህ የሚገፋፋውን ወይም የሚረዳውን ነው፣ የሞከረውን አይደለም። ይህ በስብሰባ ላይ በአማርኛ ቃል በቃል ይነበብ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ሳጥኑ ወጣ። ዘጠኙ ጉብኝት፣ የጠያቂዎቹ ሥልጠና፣ የትራንስፖርትና የስልክ ካርድ ወጪ፣ የደንቡ ማሻሻያ ገባ። ጅማሬው በዓለም አቀፉ ቀን፣ ጳጉሜ 5 ይሁን?

ገንዘብ ያዥ፦ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ? ሁሉም በግ ፍለጋ ገበያ ነው። በወርኃዊው የእድር ስብሰባ ይሁን፣ መዋጮ ሊከፍል የማይመጣ የለም።

የእድር ዳኛ፦ ይሁን። ሲስተር፣ የዘጠኙን ቀን ሰንጠረዥ በአንድ ገጽ አድርገሽ ላኪልን፤ ለጠያቂው በኪስ የሚያዝ።