ለዓለት መውጫ ገመድ ምን ዓይነት ቦርሳ ይሻለኛል? (ባሕር ዳር)

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ
ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ 60 ሜትር ርዝመትና 9.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዓለት መውጫ ገመድ አመጣልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በጢስ ዓባይ መንገድ ወዳለ አንድ ጥቁር ድንጋይ እንሄዳለን። እስከ አሁን ገመዱን የምሸከመው እናቴ ጤፍ ባመጣችበት ማዳበሪያ ነው። ባለፈው ሳምንት የተወሳሰበውን ስፈታ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጭቃም ነክቶታል። በጀልባ የሚሠራ ዘመዴ ውኃ የማያስገባ ከረጢት ሊሰጠኝ ነው፤ የድሮ የትምህርት ቤት ቦርሳም አለኝ። ክረምት ሳይገባ ልወስን፤ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ቋጠሮ
እህቴ፣ ከቦርሳው በፊት ምንጣፉን አስቢ። ለገመድ ተብለው የሚሠሩ ቦርሳዎች አብዛኞቹ የሚዘረጋ ሸራ አላቸው፤ ገመዱ መሬት እንዳይነካ ነው። ገመድሽ አብዛኛውን ሸክም የሚችል የውስጥ ክርና እሱን የሚጠብቅ የተጎነጎነ ሽፋን አለው። አሸዋ በሽፋኑ ሾልኮ ከገባ፣ ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ክሩን ከውስጥ ይፈጨዋል፤ ከውጭ ምንም አይታይሽም። ሰው ሲረግጠው ደግሞ ይብሳል።

ሸራው ላይ ሁለት ማሰሪያ ይኑር። አንዱን የገመድ ጫፍ ከታች እሰሪ፣ ከዚያ ሳትጠመጥሚ እጅ በእጅ እየለቀቅሽ ከምሪው፤ የላይኛውን ጫፍ በሁለተኛው ማሰሪያ እሰሪ። ከላይኛው ጫፍ ስትስቢ ሳይወሳሰብ ይመጣል። የታችኛውን ጫፍ ስትወጡም እንዳትፈቺው። ገመዱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ስለሚወርድ፣ በ60 ሜትር ገመድ ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለን ሰው እስከ መሬት ማውረድ አይቻልም፤ ጫፉ ሳይታሰር ገመዱ ካለቀ ከታች ሆኖ ገመዱን ከሚይዘው ሰው እጅ ያመልጣል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አሉ።

መልስ፦ የጀልባ ልጅ
እኔ የዘመድሽን ከረጢት እመርጣለሁ። ወደ ዘጌ ስንሻገር የጀልባው ወለል መቼም አይደርቅም፤ የሐምሌን ዝናብማ ተዪው። ናይሎን ሲርስ ይከብዳል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል።

መልስ፦ ቋጠሮ
ለጀልባ መንገድ እስማማለሁ። ነገር ግን ውኃ የማያስገባ ከረጢት ውኃ አያስወጣም፤ ረጥቦ የገባ ገመድ እዚያው ይሻግታል። ከደረስሽ በኋላ አውጪውና ጥላ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንዳታሰጪው፤ ናይሎንን ፀሐይ ይበላዋል።

መልስ፦ ባለ ባጃጁ
ማንም ያላነሳውን ልንገራችሁ፤ የባትሪ አሲድ። አንድ ቀን ባትሪ ተሸክሜ ሱሪዬ ላይ ምንም አላየሁም ነበር፤ ሲታጠብ እንደ ወንፊት ሆነ። ናይሎንንም እንዲሁ ያበላሸዋል፤ ገመዱ ጤነኛ መስሎ ይታይና ይበጠሳል። ስለዚህ ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ከዕቃ ጋር አትወርውሪው። አራት ኪሎ ቢመዝን ነው፤ እንደ ሕፃን ታቀፊው። ማዳበሪያውንም ተዪው፤ ከጤፉ በፊት ምን ተጭኖበት እንደነበር ማን ያውቃል?

መልስ፦ ሸራ ሰፊው
ልጄ፣ ከውጭ መጠበቅ ለምን? የጭነት መኪና ሸራ ይከብድሻል፤ ሳሳ ያለ የድንኳን ጨርቅ ግዢ። ታቹ ክብ ይሁን፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር፤ ገመድሽ ሳይጨናነቅ ይገባል። አፉ በክር የሚሰበሰብ ይሁን፤ ዚፕ አሸዋ ከገባበት ዕድሜ የለውም። ከታች ሁለት የብረት ቀለበት ይመታበት፣ አየር ያስገባል። በእግር ስለምትሄዱ ሁለት ሰፋፊ ማንገቻ አሠሪ።

ምንጣፉ ከ1.2 ሜትር አይነስ። የመሬቱና የገመዱ ፊት ቀለማቸው ይለያይ፤ አለዚያ አንድ ቀን ገልብጠሽ ትዘረጊውና ጭቃውን ለገመዱ ታጎርሺዋለሽ።

መልስ፦ የደጋ ሰው
ደብረ ዳሞ እስከ ዛሬ የሚወጣው በቆዳ ገመድ ነው፤ አቡነ አረጋዊን ደግሞ ዘንዶ ነው ያወጣቸው ይባላል። ቦርሳ የጠየቀ አልሰማሁም!

መልስ፦ ቋጠሮ
የዳሞው ገመድ በባጃጅ አይሄድም፣ ወንድሜ። እህቴ፣ እስኪሰፋልሽ ድረስ የትምህርት ቤት ቦርሳሽን አራግፈሽ እጠቢውና ከአንድ ቁራጭ ሸራ ጋር ተጠቀሚበት።

ጀማሪዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ልኩን ጽፌ ይዣለሁ፤ ነገ ጨርቅ ልገዛ እወጣለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ጭቃ የነካው ገመድ ይጣላል?

መልስ፦ ቋጠሮ
አይጣልም፤ መጀመሪያ መርምሪው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶችሽ መካከል ቀስ አድርገሽ አሳልፊው። የላላ፣ የተጨፈለቀ ወይም ከመጠን በላይ የደደረ ቦታ ካገኘሽ፣ ወይም ሽፋኑ ተቀዶ የውስጡ ክር ከታየ አትውጪበት። ደህና ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፤ በረኪና በአጠገቡ አይለፍ። ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታልና የዚህን ቅዳሜ ጉዞ አስተላልፉት።