በሁለት ኳየር በሚዘመር የባኽ ሞቴት ላይ መግቢያዬ እየጠፋኝ ነው፤ እርዱኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን ነው፤ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ አልቶ (ዝቅ ያለው የሴቶች ድምፅ) ነኝ። አሁን የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽን ሞቴት (በብዙ ድምፅ የሚዘመር መንፈሳዊ የኳየር ድርሰት) «ዴር ጋይስት ሂልፍት ኡንዘር ሽቫኽሃይት አውፍ» እያጠናን ነው። ሁለት ኳየር፣ በድምሩ ስምንት ድምፅ። እኔ ሁለተኛው ውስጥ ነኝ። ቤት ሳጠና ይሆንልኛል። አንደኛው ኳየር ሲዘምር ግን ቆጠራው ይምታታብኝና መግቢያዬ ያልፈኛል። ለመዘመር ሦስት ሳምንት ቀረን። ምን ላድርግ?

ቴነሩ፦
አይዞሽ፣ እኔም አልፌበታለሁ። መቁጠር ብቻውን አያዋጣሽም። መጀመሪያው ክፍል በ3/8 (ሦስት ሦስት አጫጭር ምት እየተቆጠረ) ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ያልፋል። ከመግቢያሽ በፊት አንደኛው ኳየር የሚለውን የመጨረሻ ቃል በራስሽ መስመር ላይ በእርሳስ ጻፊው። ከዚያ ያንን ዜማ ራሱን አጥኚው፣ ዘምሪው። የእነሱን ስታውቂ ተራሽ ራሱ ይጠራሻል።

የሰንበት ተማሪው፦
እህቴ፣ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ሲቀባበሉ አስቢ። ግራው ተራውን የሚጠብቀው እየቆጠረ አይደለም። የቀኙን ዜማ በልቡ አብሮ ይላል፣ ሲያበቃ ይቀበላል። ያደግንበትን ጆሮ ይዘሽ ግቢ።

የኳየር መሪዋ፦
ቃሉንም አጥኚ። ሮሜ 8፥26-27 ነው። ባኽ ይህን ያዘጋጀው በ1729 ላይፕዚግ ውስጥ፣ ለቶማስ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ለኤርኔስቲ ቀብር ነው። የቀብር ዝማሬ ቢሆንም አጀማመሩ ደስታ አለው፤ «መንፈስ ድካማችንን ያግዛል» ነውና የሚለው። «ጋይስት» (መንፈስ) ላይ ያሉት ፈጣን ኖታዎች እንደ ነፋስ ይሮጣሉ። «ዞይፍሰን» ላይ ደግሞ ዜማው ይቆራረጣል። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «በማይነገር መቃተት» የተባለው ነው። እዚያ ያሉትን እረፍቶች አክብሪያቸው፤ የሚያቃስት ሰው ትንፋሽ ናቸው። እኔ ይህን ቦታ ሳስዘምር ሁሌ ሆዴ ይባባል።

ደግሞ መሣሪያ ይኖር እንደሆነ ጠይቂ። ባኽ ያስጻፋቸው የመሣሪያ ኖታዎች ዛሬም አሉ። ቫዮሊንና ቤተሰቦቹ አንደኛውን ኳየር፣ ኦቦና ባሱን የሚባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ሁለተኛውን ያጅባሉ። ኦቦ ከሰማሽ የወገንሽ ድምፅ ነው። «ዴር አበር ዲ ሄርትሰን» («ልብንም የሚመረምረው») የሚለው ክፍል ላይ ሁለቱ ኳየር ስለሚቀላቀል አራት ድምፅ ብቻ ይቀራል። የአንደኛው አልቶዎች ያንቺኑ መስመር ይዘምራሉ፤ ተደገፊያቸው። ሞቴቱን የሚዘጋው የሉተር መዝሙርም እንደዚያው ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ትናንት ልምምድ ነበረን። የእርሳሱ ነገር ሠራልኝ፤ የመጀመሪያውን ክፍል አንዴም ሳልስት ጨረስኩ። «ዞንደርን ዴር ጋይስት» («ነገር ግን መንፈስ») የሚለው ጋ ግን ድምፆቹ ተራ በተራ ሲገቡ ጠፋሁ።

ቴነሩ፦
እሱን ለብቻሽ አታጥኚው። ልክ ካንቺ ቀድሞ የሚገባው ድምፅ የማን እንደሆነ ኖታው ላይ እዪ። ያንን ሰው ከልምምድ በፊት አሥር ደቂቃ ለምኚው፣ ሁለታችሁ ብቻ በዝግታ ዘምሩት።