ጁሪ በዕጣ ከሆነ፣ ፓርላማውስ?

የቃልኪዳን እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር ጁሪ ተጠርቼ ነበር፤ ፍርድ ቤት ተቀምጠው ክሱን ሰምተው ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ከሚወስኑት ተራ ዜጎች አንዷ እንድሆን ማለት ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ደነገጥኩ። የምሠራው ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ነው፣ ያውም ሌሊት። ልጅ አለኝ። እንግሊዝኛዬስ ይበቃል? እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስማችን የሚወጣው ከመራጮች መዝገብና ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝር ነው፣ በዕጣ። ማንም አልጠቆመኝም።

አሥራ ሁለት ሆነን ተቀመጥን። አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ፣ አንዷ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ አንዱ ገና ኮሌጅ የገባ ልጅ። ጠዋት ላይ ሁሉም ስልኩ ላይ ነበር። የአንድ ሰው መታሰርና መፈታት እጃችን ላይ መውደቁ ሲገባን ግን ሌላ ሰው ሆንን። ልጁ ደብተሩን በማስታወሻ ሞላው። ቧንቧ ሠራተኛው "የዚህን ምስክር ቃል እንደገና እንየው" ብሎ ሁለት ሰዓት አከራከረን። ሁላችንም ካልተስማማን ፍርድ የለም። በመጨረሻ ሐሳቧን የቀየረችው እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው የቀየርኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በሰው ነጻነት ላይ ለመወሰን በዕጣ የወጣን ሰዎች ከበቃን፣ ሕግ ለማውጣትስ ለምን አንበቃም? ለቅስቀሳ የሚሰበሰብ ገንዘብ የለም፤ የሚመለስ ውለታም የለም። የሞከረው አገር ካለ ንገሩኝ።

ደብሊን ያለሁት፦

እህቴ፣ አየርላንድ ሞክራዋለች። በዕጣ የወጡት ዜጎች ሕግ ግን አያወጡም፤ መክረው ለፓርላማው ሐሳብ ያቀርባሉ። በ2016 99 ዜጎች በዕጣ ተመረጡ። ዕድሜ፣ ጾታና አካባቢ እንዲመጣጠን ተደርጎ ነው። ሰብሳቢያቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሜሪ ላፎይ ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ እየተገናኙ ሐኪሙንም፣ የሕግ ባለሙያውንም፣ ደጋፊውንም ተቃዋሚውንም ሰሙ። መጀመሪያ የተሰጣቸው ጉዳይ ፅንስ ማቋረጥ ነው፤ ፖለቲከኞቹ ለዓመታት ሲሸሹት የኖሩት። እነሱ ሕጉ ይቀየር አሉ። በግንቦት 2018 በሕዝበ ውሳኔ 66.4 በመቶ ደገፈው። እኔ በሃይማኖቴ ምክንያት በውጤቱ አልተስማማሁም። አካሄዱን ግን አከበርኩት፤ የኔን ሐሳብ የሚናገር ሰውም እዚያ ተሰምቷል።

ሁልጊዜ ግን አይሠምርም። በ2024 የቤተሰብን ትርጉም ስለመቀየር የቀረበው ሕዝበ ውሳኔ መነሻው ሌላ እንዲህ ያለ ጉባኤ ነበር። ሕዝቡ በሰፊ ልዩነት ጣለው።

የመርካቶው፦

እህቴ፣ ቅንነትሽ ገብቶኛል፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ዕቁብ አለን። ዕጣው የሚለየው የማን ተራ እንደሆነ ነው። ዳኛውንና ጸሐፊውን ግን ተማክረን፣ ታማኝነታቸውን አይተን ነው የሰየምናቸው። ብሩን የሚይዘውን ሰው ለዕጣ አንተወውም።

የጥንት ግሪክ አቴናውያንም እንደዚሁ ነበሩ። የምክር ቤቱ 500 አባላት በዕጣ ይወጣሉ፤ ከ10 ነገዶች ከእያንዳንዱ 50፣ ለአንድ ዓመት። የጦር አዛዦቹን ግን በድምፅ ነበር የሚመርጡት። ሴቱና ባሪያው ደግሞ ጭራሽ ዕጣው ውስጥ የሉም። ሌላው ደግሞ፣ የመረጥኩት ሰው ቢያጠፋ በሚቀጥለው ምርጫ አወርደዋለሁ። በዕጣ የወጣውን በምን እይዘዋለሁ?

የቃልኪዳን እናት፦

የዕቁቡ ነገር ልቤን ነካው፤ እናቴም ዳኛ ነበረች። ግን አንተው የጠቀስካቸው አቴናውያን መልስ ነበራቸው። በዕጣ የወጣ ሹም ሥልጣን ሲለቅ ሒሳቡ ይመረመር ነበር። ጥፋት ከተገኘበት ይከሰሳል። ስለዚህ ዕጣና ተጠያቂነት አብረው ይሄዳሉ። የአስፈጻሚውን ወንበር፣ ካዝናውንና ጦሩን በዕጣ ስጡ አላልኩም። እንደ ደብሊኑ አንድ ጉዳይ ይዞ የሚመክር ጉባኤ ቢኖር ለኔ በቂ ነው።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። እኔ ፍርድ ቤት የሄድኩት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፈረቃዬን ስለሸፈነችልኝ ነው። እሷ ባትኖር እቀር ነበር። ዕጣው ወጥቶለት መሄድ የማይችል ድሃ ከቀረ፣ የሚሰበሰቡት ጊዜ ያላቸው ብቻ ናቸው። ይህን ያሰበ አለ?

ከሊዮን፦

እኛ ጋ ፈረንሳይ በ2019 ስለ አየር ንብረት 150 ዜጎች በዕጣ ተሰብስበው ነበር። ልክ እንደ ጁሪ የቀን አበል ይከፈላቸው ነበር። መንገዱና ማደሪያውም ተሸፍኗል፤ ልጅ ላላቸው ደግሞ የሕፃናት መጠበቂያው።