ማስተርስ ዲግሪና የማስተማር ፈቃድ በአንድ ጊዜ፦ የትኛውን ፕሮግራም ልምረጥ?

ጠያቂ፦ ኬሚስቷ

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በኬሚስትሪ ያገኘሁት ኢትዮጵያ ነው። አሁን በኒውዮርክ ግዛት፣ በአንድ ቤተ ሙከራ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የምመኘው ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቼ ኬሚስትሪ ማስተማር ነው። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለውኛል። አንደኛው ኤም.ኤድ. (በትምህርት የማስተርስ ዲግሪ) ሲሆን ማታ ማታ በኢንተርኔት የሚሰጥና ክፍያውም ቀለል ያለ ነው። ሌላው ኤም.ኤ.ቲ. (በማስተማር ሙያ የማስተርስ ዲግሪ) ይባላል፤ ውድ ነው፣ በዚያ ላይ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ቀን ትምህርት ቤት እየዋሉ መለማመድን ይጠይቃል። ይህ ማለት ሥራዬን መልቀቅ ነው። ሁለቱም ማስተርስ ከሆኑ በርካሹ ተምሬ ፈቃዱን ማውጣት አልችልም? ባለቤቴ «ዲግሪ ዲግሪ ነው» ይላል።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር

እኔ ኤም.ኤድ. የተማርኩት ፈቃድ ይዤ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። የደመወዝ እርከኔን ከፍ አድርጎልኛል፤ ፈቃዱን ግን ያገኘሁበት መንገድ ሌላ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት በደንብ ጠይቂ።

መልስ፦ የሳይንስ መምህርት፣ ኒውዮርክ

እህቴ፣ ባለቤትሽ አይቀየሙኝና፣ በዚህ ጉዳይ ዲግሪ ሁሉ እኩል አይደለም። ዲግሪውን የሚሰጥሽ ዩኒቨርሲቲው ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጥሽ ደግሞ የግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት። ፕሮግራሙ ለፈቃድ እንዲያበቃ በግዛቱ የተመዘገበ ከሆነ፣ ስትጨርሺ ዩኒቨርሲቲው ብቁ መሆንሽን ለግዛቱ ያሳውቅልሻል። ካልተመዘገበ ግን ማስተርስ ይዘሽም የሚጎድልሽን ኮርስና ልምምድ እንደገና ስትፈልጊ ትኖሪያለሽ። ስሙን ብቻ አትመልከቺ፤ ለፈቃድ የሚያበቁ ኤም.ኤድ. ፕሮግራሞችም አሉ። ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ይህን ፕሮግራም ስጨርስ በኒውዮርክ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ለማስተማር የመጀመሪያውን ፈቃድ ለማግኘት ያበቃኛል?» መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፌዴራሉ ደንብ ለሙያ ፈቃድ የሚያዘጋጁ ፕሮግራሞች የየትኞቹን ግዛቶች መስፈርት እንደሚያሟሉ እንዲገልጹ ያስገድዳል፤ ስለዚህ የመጠየቅ መብት አለሽ።

ያ ሥራ የሚያስለቅቅሽ ሴሚስተር እንዳያስመርርሽ። ለልምምድ የሚመጡ እጩ መምህራንን ክፍሌ ውስጥ ስቀበል ዓመታት ሆኖኛል። አንዷ የኬሚስትሪ እውቀቷ የሚያስቀና ነበር። ስለ ሞል (በኬሚስትሪ የንጥረ ነገር መጠን መለኪያ) ሰሌዳው ላይ አሳምራ ጽፋ «ገባችሁ?» ስትል ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላሉ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የማየው ደብተር ላይ ግን ግራምና ሞል ተደበላልቀዋል። ውሎ አድሮ ያን ጥያቄ ተወችው። አንዲት አጭር ስሌት ትሰጥና በየጠረጴዛው እየዞረች፣ ልጁ የት ላይ እንደሳተ በጣቷ እያሳየች «እስኪ ይህን መስመር አስረጂኝ» ማለት ጀመረች። ይህን ለመልመድ እውነተኛ ልጆች ፊት መቆም ያስፈልጋል፤ አጠገብሽም የሚያርምሽ ሰው ሊኖር ይገባል።

ያለ ደመወዝ መክረም ቤትሽን የሚያናጋ ከሆነ ሦስተኛ መንገድ አለ። ኒውዮርክ «ትራንዚሽናል ቢ» የሚባል ጊዜያዊ ፈቃድ አላት። በዚህ ዓይነት የማስተርስ ፕሮግራም ውስጥ ገብተሽ፣ የመግቢያ ሥልጠናውን ወስደሽ፣ የሚጠየቁትን ፈተናዎች ካለፍሽ በኋላ በደመወዝ እያስተማርሽ ማታ ትማሪያለሽ። ከባድ ነው፤ ቀን የራስሽ ክፍል፣ ማታ የራስሽ የቤት ሥራ። የሚመደብልሽ አማካሪ መምህር በቂ ጊዜ እንደሚሰጥሽ ሳታረጋግጪ አትግቢበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በዚህ ግዛት የመጀመሪያው ፈቃድ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው፤ ወደ ቋሚው ለመሸጋገር ማስተርስ ይጠየቃል። ሁለቱን በአንድነት ከጨረስሽ ያኛውን መስፈርት ቀድመሽ አሟላሽ ማለት ነው።

ኬሚስቷ፦

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ትራንዚሽናል ቢ» የሚባለውን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬውኑ እጽፋለሁ። የኤም.ኤ.ቲ. ክፍያው ግን አሁንም ያስጨንቀኛል። እርዳታ ይገኝ ይሆን?

መልስ፦ የሒሳብ መምህር

«ቲች» ስለሚባለው የፌዴራል መንግሥት ድጎማ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቂ። ለማስተርስ ተማሪ በጠቅላላው እስከ 8,000 ዶላር ይሰጣል፤ ሳይንስም ከሚደገፉት የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ነው። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድን የመሰለ ሕጋዊ የነዋሪነት ሁኔታና ጥሩ ውጤት ይጠየቃል። ውሉን ግን ቃል በቃል አንብቢው፦ ትምህርትሽን ከጨረስሽ በኋላ ባሉት 8 ዓመታት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት 4 ዓመት ማስተማር አለብሽ። ካላሟላሽ ድጎማው ብድር ይሆናል፤ ወለዱም የሚታሰበው ገንዘቡ ከተሰጠሽ ቀን ጀምሮ ነው።

መልስ፦ የሳይንስ መምህርት፣ ኒውዮርክ

የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕትሽን ኮርስ በኮርስ ማስገምገምም አትርሺ። ዩኒቨርሲቲዎቹ የትኛውን ገምጋሚ ድርጅት እንደሚቀበሉ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂያቸው። ሰነዱ ከአገር ቤት እስኪላክ ጊዜ ይወስዳልና ጥያቄውን በዚሁ ሳምንት አስገቢ።