ለቤት ጋራዥም ለመኪና መወዳደሪያ ትራክም የሚሆን ቀላል ክሪክ፦ 1.5 ቶን ወይስ 3 ቶን?

ባለ ቢአርዜድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2022 ሱባሩ ቢአርዜድ ነው፤ ሞላው ተቀይሮ በ2.5 ሴ.ሜ. ዝቅ ብሏል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ጠባብ ጋራዤ ውስጥ ዘይትና የፍሬን ሸራ እቀይራለሁ። ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት ትራክ ስሄድ ደግሞ ጎማ የምቀይረው እዚያው ነው። የኋላው ወንበር ታጥፎ አራቱ የትራክ ጎማዎች ሲጫኑ ለክሪክ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። ሁለት የአሉሚኒየም ክሪኮች አይቻለሁ፦ አንዱ 1.5 ቶን፣ 14 ኪሎ ገደማ፣ ከ9 እስከ 36 ሴ.ሜ. የሚያነሳ፤ ሌላው 3 ቶን፣ 25 ኪሎ ገደማ፣ ከ9.5 እስከ 46 ሴ.ሜ. የሚያነሳ። 1.5 ቶኑ አቅም ያንሰው ይሆን? ወይስ አንዱ ለሁለቱም ይበቃል?

መፍቻ 19፦
አቅሙ አያሳስብህ። መኪናህ ባዶውን 1,280 ኪሎ ገደማ ነው፤ ክሪክ ደግሞ ሙሉውን አይሸከምም። ፊቱን ከመሃል ስታነሳ የሚያርፍበት 700 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 1.5 ቶኑ ሁለት እጥፍ አቅም አለው። ልዩነቱ ያለው ከፍታው ላይ ነው።

ብዙዎቹ ባለ 3 ቶን ስታንዶች (የተነሳው መኪና የሚያርፍባቸው፣ ከፍታቸው በጥርስ የሚስተካከል የብረት ድጋፎች) በዝቅተኛው ጥርስ ላይ እንኳ 28 ሴ.ሜ. ገደማ ይቆማሉ። ከበሩ ስር ያለውን የላሜራ ከንፈር ወደዚያ ለማድረስ፣ ከፊት ክሮስሜምበሩን (ከሞተሩ ስር በአግድም የሚያልፈውን ብረት) ከዚያ በላይ መግፋት አለብህ፤ ክሮስሜምበሩ ከስታንዱ ቦታ ወደ ፊት ስለሚቀድም ይበልጥ ከፍ ማለቱ ግድ ነው። ስታንዱን ማስገቢያ ክፍተት ሲጨመርበት 36 ሴ.ሜ. ጫፉ ላይ ይደርሳል። ስታንዱን አንድ ጥርስ ከፍ ልታደርገው ብትፈልግ አይበቃህም። ከመኪና ስር ተኝቶ ለሚሠራ ሰው 46 ሴ.ሜ. የሚያነሳው ያስፈልጋል።

ከመግዛትህ በፊት መኪናው መሬት ላይ እንዳለ በሜትር ለካ፦ የባምፐሩ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ስንት ነው፣ ከጠርዙ እስከ ክሮስሜምበሩ ምን ያህል ይርቃል፣ ክሮስሜምበሩና የላሜራው ከንፈር ከመሬት ስንት ናቸው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 9 ሴ.ሜ. የሳህኑ (መኪናውን የሚነካው የክሪኩ ጫፍ) ብቻ ነው። የክሪኩ ወገብና የእጀታው መያዣ ከሳህኑ በጣም ከፍ ይላሉ፤ አጭር ክሪክ ከሆነ ሳህኑ ቦታው ሳይደርስ ወገቡ ባምፐሩን ይነካል፣ ወይም ደርሶ እጀታውን ለማወዛወዝ ቦታ ታጣለህ። ባለ 3 ቶኑ ረጅም ስለሆነ እዚህም ይሻላል። ባምፐሩ ካላሳለፈ የፊት ጎማዎቹን ሁለት ጣውላ ላይ አውጣቸው፤ ባለ 2 ኢንች የሚባለው ጣውላ እውነተኛ ውፍረቱ 3.8 ሴ.ሜ. ነው፣ ያ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ፓዶክ፦
ለቤቱ በተባለው እስማማለሁ። ለትራክ ግን 25 ኪሎውን ተሸክመህ አትሂድ። እዚያ ሥራህ ጎማ መቀየር ብቻ ነው፤ ጎማው ከመሬት ሁለት ጣት ከተነሳ ጨርሰሃል። ለዚያ 36 ሴ.ሜ. ይተርፋል።

ትራክ ላይ ችግር የሚያመጣው መሬቱ ነው። ክንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሳህኑ ቀጥ ብሎ አይነሳም፤ ቅስት እየሠራ ወደ ኋላ ይሳባል። ስለዚህ ወይ ክሪኩ በጎማዎቹ መንከባለል አለበት፣ ወይ መኪናው ይከተለዋል። በበጋ አስፋልቱ ሲለሰልስ ወይም ጠጠር ላይ ሲሆን የክሪኩ ትንንሽ ብረት ጎማዎች ይሰምጣሉ፤ መንከባለሉ ይቆማል፣ ሳህኑም ከላሜራው ከንፈር እየተንሸራተተ ይወጣል። የ19 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከስሩ አንጥፍ፤ ክሪኩ ላዩ ላይ ወዲያ ወዲህ እንዲንከባለል ከራሱ ርዝመት የሚበልጥ ይሁን። ለስታንዱ እግሮችም ለየብቻ ቁራጭ ያዝ። ብዙ ትራኮች አስፋልታቸው እንዳይበሳ ይህን ያስገድዳሉ።

ሳህኑ ላይ መሃሉ የተሰነጠቀ ወፍራም ጎማ አድርግ፤ ከንፈሩ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ክብደቱን ጎማው በሁለት ጎን ይቀበላል። ያለዚያ ከንፈሩ ይታጠፋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ዝገት ይጀምራል። ጎማው ግን 2.5 ሴ.ሜ. ያህል ስለሚጨምር ዝቅተኛው ልክህ ከ9 ወደ 11.5 ይሆናል፤ ዝቅ ላለ መኪና ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር ፍታ። ስታጠብቅ የቢአርዜድ ልክ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ትራኩ ላይ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ፣ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ፣ እንደገና በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ፈትሽ።

ባለ ቢአርዜድ፦
አመሰግናለሁ። እቤት የኋላውን በዲፈረንሻሉ (በኋላ ጎማዎቹ መሃል ባለው የማርሽ ቤት) ላነሳ ብል የእጅ ፍሬን ስቤ ማርሽ ማስገባት ይበቃል?

መፍቻ 19፦
አይበቃም! ይህን ጉዳይ አጥብቀህ ያዝ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መኪናህ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው፤ የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው የኋላውን ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አየር ላይ ሲሆኑ መኪናውን የሚይዝ ምንም ነገር የለም። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግላቸው፣ ወለሉም ደልዳላ ይሁን። ስታንዱ ከገባ በኋላ ክሪኩን ቀስ ብለህ ልቀቅ፤ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ስታንዱ ላይ ሲያርፍ መኪናውን በእጅ ገፋ ገፋ አድርገህ ፈትን። በክሪክ ብቻ ወደተደገፈ መኪና ስር ጣትም አይግባ።

ያገለገለ ስታንድ የምትገዛ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩን ተመልከት። የመሣሪያ መደብሩ ሃርበር ፍሬይት እ.ኤ.አ. በ2020 ፒትስበርግ የተባሉትን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ስታንዶችን መልሶ ሰብስቧል፤ ጥርሱ በደንብ ሳይያዝ ሸክም እንዳለበት ሊወርድ ይችል ነበር። በምትኩ የተሰጡት አንዳንዶቹም በብየዳ ጉድለት ተመልሰዋል።

ዘይትና ኦሪንግ፦
ስለ ዕቃው ራሱ ልጨምር። ክሪኩን መኪና ውስጥ ስትጭን መልቀቂያውን (ክሪኩን የሚያወርደውን ቫልቭ) አጥብቀህ ዝጋ፣ በጎማዎቹ አቁመህ እሰረው። በጎኑ ከተኛ ዘይቱ በመሙያው ክዳን በኩል ያዥና በምትኩ አየር ይገባል፤ ከዚያ እጀታው ይለሰልሳል፣ ወይም ክሪኩ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማል። አየሩን ለማስወጣት መልቀቂያውን ከፍተህ ያለ ሸክም 10 ወይም 15 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ፖምፕ አድርግ፤ ክንዱን እስከ ታች አውርደህ የመሙያውን ክዳን በመክፈት ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ መድረሱን እይ። ከዚያ በላይ አትሙላ፤ ፒስተኑ ሲመለስ ለዘይቱ ቦታ ስለማይኖር በማሸጊያዎቹ በኩል ይወጣል። የምትጨምረው የሃይድሮሊክ ክሪክ ዘይት ይሁን። የፍሬን ዘይት ግን ፈጽሞ አታስገባ፤ ኦሪንጎቹን (ክብ የጎማ ማሸጊያዎቹን) አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

ክሪኩ እያነሳ ቆይቶ በራሱ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመልቀቂያው ቫልቭ መቀመጫ ላይ ቆሻሻ አለ፣ ወይም ማሸጊያው አልቋል። የከመጠን በላይ ጭነት መከላከያውን ብሎን ግን አትንካው፤ ልኩ ከፋብሪካ ነው። አሉሚኒየም አይዝግም ተብሎም ችላ አይባልም፤ የክንዱ ቡሎኖች ሲላሉ ቀዳዳቸው ይሰፋል፣ ከዳር መሰንጠቅ ይጀምራል። ጎኖቹን አጽድተህ በባትሪ ብርሃን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ እይ። ስንጥቅ ካየህበት አይበየድ፣ ይጣል።