ልጄ ለካካ ፖፖ ላይ አልቀመጥም አለች፤ ምን ላድርግ?

እናቶች፣ እባካችሁ መላ በሉኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ነው። በሽንት በኩል ከዳይፐር ተላቃለች ማለት ይቻላል። ቀን ቀን በፓንት ነው የምትውለው። ከእንቅልፏ ስትነሳና በልታ ስትጨርስ ፖፖ ላይ አስቀምጬ «ሽሽሽ» ስላት ትሸናለች፤ አጨብጭበን እንደፋለን።

ችግሩ ካካ ነው። ሲመጣባት ከሶፋው ጀርባ ትሄድና እግሯን አጣብቃ፣ ፊቷ ደም መስሎ ትቆማለች። ፖፖውን ሳቀርብላት «ዳይፐር!» ብላ ትጮሃለች። ካላደረግኩላት ትይዘዋለች። አሁንማ ድርቀት ጀምሯታል፤ ሲወጣ ጠጠር መስሎ ያማታል። ስለሚያማት ደግሞ ይብሱን ትይዛለች።

እናቴ «እናንተን እኮ ገና ድክ ድክ ሳትሉ ነው ያስለመድናችሁ፣ ዳይፐር ነው ያሰነፋት» ትላለች። የሽንት ጨርቅ በእጇ ስታጥብ ስለኖረች ብትቸኩል አይፈረድባትም። ሞግዚቷ ደግሞ ኮስተር ብለሽ ካልተቆጣሻት አይሆንም ባይ ናት። እኔ ቁጣው ጭራሽ ያስፈራታል ባይ ነኝ።

ውሃ፣ ፓፓያና አጃ አብዝቼላታለሁ። የትልቁ ሽንት ቤት መቀመጫ ላይም ከእግሯ ስር በርጩማ አድርጌ ሞከርኩ፣ እምቢ። ድርቀቱ ካልለቀቃት ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። የጨነቀኝ ዳይፐሩ ነው፦ ለካካ ብቻ እያደረግኩላት ልቆይ ወይስ ጨርሼ ልደብቀው? መስከረም ላይ የምትገባበት መዋዕለ ሕፃናት ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ አይቀበልም። እንዲህ ያለ ልጅ የገጠማችሁ በምን አላመዳችሁ? የሌሊቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ፣ እሱ ይቆየኝ።